ካልደወልኩ ጥሪው እሱ ነው

አያ አደም መሞቱን የነገረኝ ስማቸው ነው፤ የሕንፃችን ዘበኛ የነበረው። ስልኬ ጮኸ፣ አነሳሁት። «አደም አረፈ። ከቀትር በኋላ ይቀበራል» አለና ዘጋው። እንዴት አደርሽ የለ፣ ደህና ነሽ ወይ የለ። ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ እንባ አልነበረም። አደም ይህን አነጋገር ቢሰማ ኖሮ «ይህ መስመር አልተፈተነም፣ ድገመው» ይል ነበር ብዬ አሰብኩ።

ስለ ሞተ ሰው የሚጽፍ ሁሉ ደግ ደጉን እየመረጠ ነው የሚጽፈው። እኔ እንዲያ ያለውን አልችልበትም። አደም አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያስመረረኝ ሰው ነው። ያስመረሩኝ ሌሎችም አሉ፤ በየቦታቸው አነሳቸዋለሁ። ልረሳው ያልቻልኩት ግን እሱን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ሳልሸፋፍን ለመጻፍ እሞክራለሁ፣ መሸፋፈን ልማዴ ቢሆንም።

ሕንፃውን በስሙ አልጠራውም። ዛሬም እዚያው ፒያሳ አጠገብ ቆሟል፣ ባለቤቶቹም ነገር ይወዳሉ። ባለ ስድስት ፎቅ ነው፤ ቢሮዎች፣ የጥርስ ሐኪም ቤት፣ አንድ ክሊኒክ። በተከፈተበት ጊዜ አሳንሰር ያለው ሕንፃ ጎንደር ውስጥ በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ ለገበያ የሚመጣው ገበሬ እህሉን ሸጦ ሲጨርስ አሳንሰሩን ሳያይ አይመለስም። አደም የጥገና ሠራተኛ ነበር፤ መብራቱ፣ ውሃው፣ ስልኩ፣ አሳንሰሩ ሁሉ በእጁ ነው። እኔ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ።

ቤተሰቦቹ ከጥንት ጀምሮ በጎንደር የሚታወቁ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ወንድሞቹ በጨርቅ ንግድ ከበሩ፤ እሱ ሽቦ ወደደ። «ወንድሞቼ ጨርቅ ይለካሉ፣ እኔ ሽቦ እለካለሁ። የሁለታችንም ጣጣ ሲያጥር ነው» ይል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ኮት የማይለየው ሰው ነበር፤ በኮቱ የላይኛው ኪስ፣ ሌላው እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ፣ አንዲት አጭር ካቻቢቴ ትታያለች። ስልክ ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል።

እኔ የኮሶዬ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር በዕድሜ የሚበልጥን ወንድ አያ ማለት ወግ ነው። እሱ የከተማ ሰው ነውና መጀመሪያ ቀን «አያ አደም» ስለው ዞር ብሎ ሌላ ሰው ፈለገ። ኋላ ለመደው። እሱ ደግሞ «እቴ ጥሩ» ይለኝ ነበር፤ ስሜ ጥሩወርቅ ነው።

ቦታዬ ከደረጃው ሥር ያለች ክፍል ነበረች። መስኮት የላትም። ከፊቴ የስልክ ማዞሪያው፣ ከጀርባዬ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወዲያ አሳንሰሩ። ሲወጣና ሲወርድ ገመዱ በጀርባዬ ውስጥ የሚያልፍ ይመስለኛል። በማዞሪያው አጠገብ ሌላ ብቻውን የተቀመጠ ቀይ ስልክ ነበር። እሱ የአሳንሰሩ ነው። በሩ ተዘግቶበት ወይም መብራት ጠፍቶበት ውስጥ የቀረ ሰው ያለችውን አንዲት ቁልፍ ሲጫን እኔ ዘንድ ይጮኻል። አደም ይህን መስመር ከማዞሪያው ለይቶ፣ በራሱ የመዳብ ሽቦ አስጎትቶት ነበር። የመዳብ ሽቦ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የስልኩን ኃይል ጭምር ከስልክ መሥሪያ ቤቱ ባትሪ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከተማው ሁሉ ሲጨልም ቀዩ ስልክ ይሠራል።

ይህን ስልክ በየማለዳው ይፈትነዋል። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አሳንሰሩ ውስጥ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ይደውላል።

«እንዴት አደርሽ እቴ ጥሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደርክ?»

«አልሐምዱሊላህ። ደህና አደርሽ?»

«ደህና።»

«ቤቱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እናትሽስ? ጉንፋኑ ለቀቃቸው?»

«ለቋቸዋል።»

«ኮሶዬ ውርጩ ገብሱን አልነካም?»

«አልነካም።»

«ከብቱስ?»

«አያ አደም፣ ከብት የለኝም።»

«ቢኖርሽ ደህና ያድር ነበር?»

«ያድር ነበር።»

«ተመስገን። መስመሩ ደህና ነው።»

በየቀኑ። ማዞሪያው ላይ ሦስት ሰው እየጠበቀኝ፣ የሒሳብ ክፍል ሴቶች በክፍሌ በር እያለፉ «ባልሽ ደወለ» እያሉ እየተሳሳቁብኝ። እነሱንም አልረሳኋቸውም። አንድ ቀን «ሃሎ፣ ይሰማል፣ በቃ ብለህ ብትዘጋው ምን ይጎድልብሃል?» አልኩት።

«አጭር ሰላምታ መስመር አይፈትንም» አለኝ። «እርጥበት የገባበት ሽቦ ለመጀመሪያው ሰላምታ ሸጋ ነው። ሲቆይ ነው ማንሾካሾክ የሚጀምረው። እንደ ሰው ነው።»

ሸጋ የሚለውን ቃል ከእኔ ነው የወሰደው።

አንድ ጊዜ ከድብ ባሕር የመጣ ሽማግሌ ልጁን ሊያሳክም አራተኛ ፎቅ መውጣት ነበረበት። አደም አብሮት ገባ። በሩ ሲዘጋ ሽማግሌው ዱላውን ጠበቅ አድርጎ፣ «እዚህ ውስጥ ቢዘጋብንስ ለማን ነው አቤት የሚባል?» አለው። አደም ስልኩን አነሳለትና በጆሮው አደረገለት። እኔ «አቤት» አልኩ። ሽማግሌው ሲወርድ ክፍሌ ድረስ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «አቤት ያልሽኝ አንቺ ነሽ? እድሜ ይስጥሽ» ብሎኝ ሄደ። አደም ከኋላው ቆሞ ፈገግ አለ። ያን ቀን ደስ እንዳለኝ አልክድም።

ደስታው አልቆየም። በተቀጠርኩ በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛ ፎቅ ላይ መዝገብ ቤት ሰው ተፈለገ። መዝገብ ቤቱ መስኮት አለው፤ ወደ ቁስቋም በኩል ያለውን ኮረብታ ያሳያል፤ እኔም ቤቴ ቁስቋም ነው። አመለከትኩ። ሥራ አስኪያጁ፣ ሰው ሁሉ ኢንጂነር የሚለው፣ ምን እንደገነባ ግን ማናችንም ያላየነው፣ አደምን አስጠርቶ ጠየቀው። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

«ትሂድ፣ ይገባታል» አለ አደም። «ግን መጀመሪያ በእሷ ቦታ ሰው ይቀመጥ። ጫፉ ላይ ሰው የሌለው ስልክ ብረት ነው።»

ኢንጂነሩ ሌላ ሰው የሚቀጥርበት ምክንያት አላየም። ስለዚህ አልሄድኩም። ሌላም ጊዜ አመለከትኩ፣ መልሱ ያው ሆነ። ከእኔ ኋላ የተቀጠሩ ልጆች ወደ ላይ ወጡ፣ ወንበር ቀየሩ፣ ጠረጴዛ ቀየሩ። እኔ ከደረጃው ሥር ቀረሁ።

«ምን በድዬህ ነው?» አልኩት አንድ ቀን ክፍሌ ሲገባ።

«አንቺ ምንም አልበደልሽኝም። እኔ የማስበው ሳጥኑ ውስጥ ለሚዘጋበት ሰው ነው።»

«እኔስ? እኔ ያለሁት ሳጥን ውስጥ አይደለም?»

ክፍሏን ዙሪያዋን አየ። ከዚያ በፊት አይቷት የሚያውቅ አይመስልም። ወጣ። በነጋታው ኮሪደሩ ላይ ከክፍሌ በር ትይዩ መስታወት ሰቀለ፤ አጋድሎ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ የመግቢያውን በርና ከበሩ ወዲያ ያለውን መንገድ እንዳይ አድርጎ። ባጃጅ ሲያልፍ፣ ሰው ዣንጥላ ሲዘረጋ በዚያ አያለሁ። አላመሰገንኩትም። መስኮት የነፈገኝ ሰው መስታወት ቢሰቅልልኝ ምን ላደርግለት ነው ብዬ ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ አየው ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ። በአካባቢው የመዳቡ መስመር ይነሣና በፋይበር ይተካል ይላል። ኢንጂነሩ ደስ አለው። ማዞሪያው ይቀራል፤ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ አዲስ ስልክ ይኖረዋል፤ የአሳንሰሩም ስልክ በአዲሱ የፋይበር ሳጥን በኩል በቀጥታ ወደ ኃላፊው ሰው የእጅ ስልክ ይደውላል። ከደረጃው ሥር መቀመጥ አያስፈልግም። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ አልዋሽም፤ ከእስር የምፈታ መሰለኝ።

የርክክቡ ቀን ሁላችንም ተሰብስበን ስልኩ ተሞከረ። ጮኸ፣ ተሰማ፣ ኢንጂነሩ አጨበጨበ። አደም ከኮቱ ካቻቢቴዋን አወጣ፣ ወደ ቆጣሪው ሄደ፣ መብራቱን አጠፋና ተመለሰ። «አሁን ሞክሩት» አለ።

አሳንሰሩ ውስጥ ያለው ስልክ ዝም አለ። የፋይበሩ ሳጥን በመብራት ነው የሚሠራው።

«መብራት አጥፍቶ ስልክ የሚሞክር አለ እንዴ?» አለ ኢንጂነሩ።

«ታዲያ አሳንሰሩ ሰው ይዞ የሚቆመው መቼ ነው?» አለ አደም። «መብራት ሲጠፋ አይደለም? ይህ እኮ በፀሐይ ብቻ የሚዘረጋ ዣንጥላ ነው። ወይ ባትሪ ግዙለት፣ ወይ ሌላ መላ እስኪገኝ መዳቡን አታስነሡ። የእጅ ስልክም እዚያ ብረት ውስጥ አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ።»

«ባትሪው በሚቀጥለው በጀት ይታያል።»

«እንግዲያ እኔም በሚቀጥለው በጀት እፈርማለሁ።»

በርክክቡ ወረቀት ላይ የሦስት ሰው ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ የኢንጂነሩ፣ የጥገና ሠራተኛው፣ የኦፕሬተሯ። አደም አልፈረመም። ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ እኔን ብቻዬን ጠራኝ። ወረቀቱ ላይ «ተሞክሮ የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። «የአንቺ ከኖረ የእሱ ቢቀርም ይሆናል» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ተቀምጦ ነበር። ስለ ቁልፉ ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አልጠየቅሁትም። ፈረምኩ፣ ቁልፉንም አነሳሁ።

በነጋታው መዝገብ ቤት በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ኮረብታው ላይ ጉም ነበር። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የእጅ ስልኬ ጮኸ። አሁን ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ፤ የአሳንሰሩ ስልክ ወደ እኔ ነው የሚደውለው።

«እንዴት አደርሽ እቴ ጥሩ?»

ሰላምታውን ሁሉ አደረሰው፤ ቤቱን፣ እናቴን፣ ገብሱን፣ ከብቱን። ሲጨርስ «መስኮቱ እንዴት ነው?» አለ።

«ሸጋ ነው» አልኩት። ፊርማዬን እንዳየ አውቄያለሁ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም።

«እንግዲህ ስሚኝ» አለ። «ይህ ስልክ መብራት ሲጠፋ ዲዳ ነው። ባትሪ እስኪገዛ ድረስ ነገሩን ገልብጠን እንያዘው። እኔ እንደ ልማዴ በየቀኑ ሁለት ከሩብ ላይ እደውላለሁ። ካልደወልኩ ጥሪው እሱ ነው። ውስጥ ቀርቻለሁ ማለት ነው፣ መጥተሽ እዪ።»

«በበዓልም ቀን?»

«በበዓልም። እናንተ ስታከብሩ ሕንፃውን የምጠብቀው እኔ አይደለሁ?»

ልማዱ እንዲያ ነበር። በፋሲካ፣ በገና፣ በጥምቀት እሱ ተረኛ ይሆናል፤ በኢድ እኛ እንሆናለን። ማንም አልደነገገውም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

«እሺ» አልኩት። ከአንድም ሁለት ጊዜ እሺ ብያለሁ።

ባትሪው በዚያ ዓመት አልተገዛም። በሚቀጥለውም ዓመት አልተገዛም። አደም በየጥምቀቱ ይደውላል፤ እኔ ባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ በሕዝብ መሐል አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ፣ «ደህና ነው፣ ገብሱም ደህና ነው» እያልኩ እጮኻለሁ። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች ይስቃሉ። በዓል እንኳ ከዚያ ስልክ አላላቀቀኝም። ወንበሩን ትቼ ገመዱን ይዤው የምዞር መሰለኝ።

በሦስተኛው ጥምቀት ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ፣ ስልኩ አልጮኸም።

ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምጽፈው ብያለሁ። ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አየሁ። ሰዓቱን አየሁ። ሁለት ተኩል ሲሆን እንደገና አየሁ። ኔትወርክ ይሆናል አልኩ፤ በጥምቀት ቀን ሁሉም ይደዋወላል። እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል አልኩ፤ አደምን እንቅልፍ ወስዶት አያውቅም። ከዚያ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ዚፑን ዘጋሁት። ደስ አለኝ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የመጣልኝ። ጸበሉ ተረጨ፣ ታቦቱ ተነሣ፣ ከሴቶቹ ጋር እልል እያልኩ ተከተልኩ፤ ማንም እንዴት አደርሽ አላለኝም።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ቁስቋም ዘመድ ቤት ምሳ በላን። ቤቱ ጨለም ያለ ነበር። ባለቤቲቱ ቴሌቪዥን አለመከፈቱን ለእንግዶቹ ይቅርታ ጠየቀች። «መብራት ከጧት ጀምሮ የለም» አለች።

«ከስንት ሰዓት?» አልኳት።

«ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ጀምሮ። ሻይ ላፈላ ስል ጠፋብኝ።»

ጉርሻዬን አስቀመጥኩ። ቆሜ ነበር መሰለኝ፣ ሁሉም ያዩኝ ነበር። ባጃጅ በዚያ ቀን አይገኝም። በበዓል ቀሚሴ ከቁስቋም እስከ ፒያሳ በእግሬ ሄድኩ።

የሕንፃው በር ገርበብ ብሏል፤ የስማቸው ወንበር ባዶ ነው። ደረጃውን እየወጣሁ በየፎቁ የአሳንሰሩን በር እደበድባለሁ። «አያ አደም» እላለሁ። ሁለተኛውን አልፌ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ከግድግዳው ውስጥ ድምፁ መጣ።

«አቤት።»

በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ቆሞ ነበር። ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ሰው በዓል ላይ ነው። አሳንሰሩን በእጅ ለማውረድ ጣራ ላይ ካለው ክፍል ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፍሬኑን ከፍቶ ይይዛል፣ ሌላው ትልቁን ጎማ ያዞራል። አደም ይህን በየዓመቱ ጣራ ላይ አውጥቶ ያሳየኝ ነበር፤ እኔ በየዓመቱ ከተማውን እያየሁ «እሺ፣ ገባኝ» እለው ነበር። ስማቸው ጠላ ጠላ እየሸተተ ደረሰ። «ታቦት ሸኝቼ ልመለስ ብዬ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። አብረን ወጣን። ጎማው ላይ በቀይ ቀለም ቀስት ተሥሎ፣ ከሥሩ በአደም እጅ «ወደ ታች። በዝግታ» ተብሎ ተጽፏል። የማትሰማ ተማሪ እንዳለችው ያውቅ ነበር።

በሩ ሲከፈት ከዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሰባት ሰዓት ሙሉ። ኮቱን አጥፎ ተቀምጦበታል፣ ጫማውን አውልቆ በጎን አስቀምጧል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፤ ስኳር በሽታ ነበረበት። ጥግ ላይ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተከድኖ ቆሟል፤ አይቼው ዓይኔን መለስኩ። ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ኮቱን አራግፎ ለበሰ።

«እንዴት ዋልሽ እቴ ጥሩ? በዓሉ እንዴት ነበር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

በነጋታው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ደወለ። ስለ ትናንቱ ምንም ሳያነሣ ቤቱን ጠየቀ፣ እናቴን ጠየቀ። «ከብቱስ?» አለ። የለኝም አልኩት። «ቢኖርሽ ደህና ያድር ነበር?» አለ። መመለስ አቃተኝ። ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ በመጨረሻ «መስመሩ ደህና ነው» ብሎ ዘጋው። ቢሰድበኝ እሰድበው ነበር። መንገድ አልሰጠኝም።

አንድ ገጽ ሪፖርት ጽፎ አስገባ። ስልኩ መብራት ሲጠፋ እንደማይሠራ፣ በራሱ ላይ እንደደረሰ፣ ባትሪ እንዲገዛ። የእኔ ስም የለበትም። ወሬው ግን ለተከራዮቹ ደረሰ፤ የክሊኒኩ ሐኪም ኢንጂነሩን ፊት ለፊት ጠየቀው። ኢንጂነሩም ጥፋቱን የሚያሳርፍበት ትከሻ ፈለገ። አደምን ለጥያቄ ጠራው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ የመዝገብ ቤት ሥራ ነው።

«ብቻህን አሳንሰር ውስጥ ስትገባ ለማን ተናገርክ?» አለ ኢንጂነሩ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። አደም እኔን አላየኝም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

«ለማንም» አለ።

«የሚያውቅ ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ጻፊው» አለኝ ኢንጂነሩ።

ጻፍኩት። በእጄ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ «ለማንም አልነገርኩም» ብሏል ብዬ። አደም ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ቃል ብተነፍስ መስኮቷ ትሄዳለች፣ እኔም እሄዳለሁ። ስማቸውም ወንበሩን ጥሎ መሄዱን አልተናገረም። ኢንጂነሩም ሁለት ዓመት ስለተኛበት ባትሪ አልተጠየቀም። ወረቀቱ ከባድ ማስጠንቀቂያ ሆኖ በአደም ፋይል ውስጥ ገባ። ፋይሉን መደርደሪያው ላይ የመለስኩት እኔው ነኝ።

ባትሪው ፋሲካ ሳይደርስ ተገዛ። የአሳንሰሩን ቁልፍ ግን ከአደም ተቀበሉት። እሱን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት፤ በዓመቱ ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ አልጮኸም።

ባትሪ ያረጃል፤ ዛሬ ቢሠራ ነገ ላይሠራ ይችላል። ማንም አይፈትነውም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወርጄ የአሳንሰሩ ስልክ ወደ ዘበኛው ወደ ስማቸው ስልክ እንዲደውል ቁጥሩን አስቀየርኩና፣ የፋይበሩን ሳጥን ከመብራት ነቅዬ ራሴ አሳንሰሩ ውስጥ ገባሁ። በሩ ተዘጋ። ደወልኩ።

«ይሰማል» አለ ስማቸው፣ ዘጋው።

መልሼ ደወልኩ። «አጭር ሰላምታ መስመር አይፈትንም» አልኩት። «እንዴት አደርሽ በል።»

«እንዴት አደርሽ። በቃ?»

«ቤቱ ደህና ነው በል።»

«ምነው እትዬ፣ ሥራ የለሽም?» አለኝ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንዲያ አደረግን። አንድም ቀን ከብቱን ጠይቆኝ አያውቅም። አደም ቤት ግን ከዚያ ጥምቀት ወዲያ አንድም ቀን አልሄድኩም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆሞ ሰላምታውን ያደርሳል፤ እኔ እየመለስኩ ዓይኔ የሚሸሽበትን ይፈልጋል። ያን ቀን ውስጥ ሆኖ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳሰበ አልጠየቅሁትም።

በሞተ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄድኩ፣ አዲስ ዓለም ሰፈር፣ አደም ቤት። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ባለቤቱን ዘይነብን ሁለት ጊዜ በኢድ አይቻታለሁ። አወቀችኝ፤ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ቦታ አስለቀቀችልኝ።

«ስምሽን በየቀኑ ነበር የምሰማው» አለችኝ። «ጡረታ ወጥቶ እንኳ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሰዓቱን ያይ ነበር።»

ሻይ ሰጡኝ። ትንሽ ቆይታ ራሷ አነሣችው።

«የከነከነኝ ያ አሳንሰር ነው። ሰው ለሰው ሳይናገር እንዲያ ያለ ውስጥ ይገባል? ከዚያ ቀን ወዲያ ኩላሊቱም ደህና አልሆነለትም። ስንቴ ተጣላሁት። ለአንድ ሰው እንኳ ብትናገር ምን ነበረበት እለዋለሁ። ማንም አያውቅም ነበር፣ ይኸው ነው መልሱ። ታሞ ተኝቶ እንኳ አንሥቼበታለሁ። ይቅር ሳልለው ሄደ።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ዝም ብዬ መውጣት እችል ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብዬ ነው የኖርኩት።

«ነግሮኝ ነበር» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

«ለእኔ ነግሮኝ ነበር። ካልደወልኩ መጥተሽ እዪ ብሎኝ ነበር። አልደወለም። አልመጣሁም።»

አጠገባችን ያሉት ሴቶች ወደ እኛ ዞሩ። ዘይነብ ሻሿን አስተካከለች።

«ምነው?» አለችኝ።

«አንድ ቀን ሳይደውልልኝ ስለዋለ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ቦርሳዬን አንሥቼ ልነሣ ስል እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። አልተጫነችኝም፣ አላነሣችውምም።

«ተቀመጪ» አለች። «ያን ቀን ውስጥ ሆኖ እንዴት እንደዋለ በየሰዓቱ ነግሮኛል፤ ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረም። አንቺ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ አሁን ትሰሚያለሽ።»

ወደ በሩ አየሁ። እስከ ደጃፉ ሰው ሞልቶበታል፤ ማለፊያ የለም። ተቀመጥኩ። ከሁለት ሰዓት ከሩብ ጀመረች።